የ550 ሺህ ዶላሩ ሱፕራ ቱርቦ አልነበረውም

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተካሄደ የባሬት ጃክሰን ጨረታ አንድ ብርቱካናማ ቶዮታ ሱፕራ በ550 ሺህ ዶላር ተሸጠ። መኪናው የ1994 ምርት ነው። ሟቹ ተዋናይ ፖል ዎከር በ2001 በወጣው «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ፊልም ላይ የነዳው፣ በጎኑ ላይ ሥዕል ያለበትና ከኋላው ትልቅ ክንፍ የተገጠመለት ያ ዝነኛ መኪና ነው። ያንን ፊልም አይቶ ያደገ ወጣት ሱፕራ ሲባል ቱርቦ፣ ቱርቦ ሲባል ሱፕራ ይታየዋል። የዚህ መኪና ኮፈን ሲከፈት ግን ከሥሩ ያለው ቱርቦ የሌለው 2ጄዜድ ጂኢ የተባለው ሞተር ነው፤ ካምቢዮውም ተራ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ነው። ገዢው ይህን እያወቀ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው፤ የከፈለውም መኪናው ላለፈበት ታሪክ ነው።

ያገለገለ የጃፓን ስፖርት መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለ ቱርቦው ይሻላል ወይስ ያለ ቱርቦው?» ብሎ ነው። የሱፕራንና የዘመን እኩዮቹን የሠላሳ ዓመት ጉዞ ስመለከት ግን፣ ከዚያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ፊት ለፊታችን ስለቆመው ስለዚያ አንድ መኪና እንደሆነ አምናለሁ። ማን ነዳው? ማን ነካካው? ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ምን ተረፈው? ይህን ያስቀደመ ሰው ቱርቦም ይግዛ ያለ ቱርቦ፣ ብዙ ጊዜ ተጠቅሟል። ያላስቀደመው ደግሞ በሁለቱም ተጎድቷል።

አራተኛው ትውልድ ሱፕራ ገበያ ላይ የዋለው በ1993 ነው። ዋና መሐንዲሱ ኢሳኦ ቱዙኪ መኪናውን ለማቅለል የተጨነቁት ለጉድ ነው። ኮፈኑ ከአሉሚኒየም፣ መሪው ከማግኒዚየም ተሠራ፤ የወለል ምንጣፉ ክር ሳይቀር ክብደት እንዲቀንስ ውስጡ ባዶ ተደረገ። አሜሪካ የገባው በሁለት ዓይነት ነበር። የሁለቱም ሞተር ባለ 3 ሊትር ሆኖ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት፣ ብሎኩም ጠንካራ ብረት የሆነ ነው። አንደኛው 220 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ፣ ሁለት ቱርቦ የተገጠመለት ሁለተኛው 320 ያወጣል። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ለባለ ቱርቦው ከአምስት ሰከንድ በታች ሲበቃው፣ ያለ ቱርቦው ሰባት ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ይህ በወንበር ላይ ተቀምጦ በጀርባ የሚሰማ ልዩነት ስለሆነ ማንም አይክደውም።

ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ይመታል። ያ ተሽከርካሪ በአጭር ዘንግ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሁለተኛው ንጹሕ አየር እየሳበና እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ከዚያው 3 ሊትር ውስጥ ተጨማሪ ጉልበት ይወጣል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ሲሆን፣ ከብረት ጋር ሳይነካካ እንዲዞር የሚያደርገው ቀጭን የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሞተሩ በኃይል ሲሠራ በጭሱ በኩል ያለው ሙቀት ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ፣ ወይም ሲጋልብ የቆየ ሞተር ፋታ ሳያገኝ በድንገት ከጠፋ፣ እዚያ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ጥላሸት ይሆናል። ጥላሸቱ የዘይቱን ቀጭን መንገድ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ቱርቦው ዕድሜውን መቁጠር ይጀምራል። ይህን የሚያውቅ ባለቤት ሰፈሩ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ መኪናውን አቁሞም ትንሽ ጠብቆ ነው የሚያጠፋው። የማያውቀው ቁልፉን ነቅሎ ይገባል። ከሃያ ዓመት በኋላ መኪናውን የሚገዛ ሰው የሚወርሰው ከሁለቱ የአንዱን ልማድ ነው።

በሱፕራ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሁለቱ ቱርቦዎች እኩል አይነሱም። በዝቅተኛ ዙር አንደኛው ብቻውን ይሠራል፤ ዙሩ ወደ 4 ሺህ ሲጠጋ ሁለተኛው ይቀላቀላል። ይህንን ቅብብሎሽ የሚመሩት ትናንሽ ክዳኖችና በርካታ ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ናቸው። መኪናው አዲስ ሳለ አሠራሩ ድንቅ ነበር፤ አሁን ግን እነዚያ የጎማ ቱቦዎች የሠላሳ ዓመት ዕድሜ አላቸው። አንዱ ቢሰነጠቅ ሁለተኛው ቱርቦ ወይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ወይ ጨርሶ አይመጣም። ሹፌሩም «መኪናው ደክሟል» ይላል። ቱርቦው ራሱ ምንም ሳይሆን፣ ዋጋው ከአንድ ምሳ የማይበልጥ ቱቦ ያመጣው ችግር ሆኖ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ሱፕራዎች የሚለያዩት በቱርቦው ብቻ ይመስለዋል። የፋብሪካው መሐንዲሶች ባለ ቱርቦውን ሲሠሩ ከፒስተኑ ጀምረው ነው ያሰቡት። ያለ ቱርቦው ሞተር አየሩን በ10 ለ 1 መጠን ይጨምቃል፤ ባለ ቱርቦው በ8.5 ለ 1። ከውጭ ተጨምቆ የሚገባ አየር ስላለ ውስጡ ቦታ ተትቶለታል ማለት ነው። የባለ ቱርቦው ፒስተኖች ከሥር ዘይት ይረጭባቸዋል፤ ካምቢዮው ጌትራግ የሠራው ጠንካራ ባለ ስድስት ማርሽ ነው፤ ፍሬኑ ትልቅ ነው፤ ዲፈረንሻሉም ይጠነክራል። በክብደት ወደ 100 ኪሎ ይበልጣል። ያለ ቱርቦው ቀለል ያለ፣ አፍንጫው የማይከብድ፣ ጋዙ በተረገጠ ቁጥር ወዲያው የሚመልስ መኪና ነው። ሁለቱም ከመጀመሪያው ለየራሳቸው ሥራ ታስበው የተሠሩ ናቸውና፣ አንዱን የሌላው ጎደሎ አድርጎ ማየት ስህተት ነው።

ባለ ቱርቦው በወቅቱ ወደ 40 ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር። ከዚያ የየን ዋጋ እየጨመረ ሄደ። በ1995 የጸደይ ወራት አንድ ዶላር ለአጭር ጊዜ ከ80 የን በታች ሲወርድ፣ ጃፓን ተሠርቶ አሜሪካ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነካ። በ1996 አዲሱ የጭስ ቁጥጥር ደንብ ሲመጣ ባለ ቱርቦው ማንዋል ሱፕራ ለአንድ ዓመት ከአሜሪካ ገበያ ጠፋ። በ1998 ሽያጩ አሜሪካ ውስጥ ጨርሶ ቆመ፤ ጃፓን ውስጥ እስከ 2002 ቀጠለ። ፊልሙ የወጣው መኪናው ከአሜሪካ ገበያ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው። አዲስ ሱፕራ በሌለበት ሰዓት የብዙ ሺህ ወጣቶች ልብ ሱፕራ ፈለገ።

ትምህርቱ ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው።

ባለ ቱርቦውን ያገኙት አብዛኞቹ እንዳለ አልተውትም። ሁለቱን ቱርቦዎች አውጥተው በአንድ ግዙፍ ቱርቦ ተኩ፤ ኮምፒውተሩን ቀየሩ፤ ግፊቱን ከፍ አደረጉ። ብሎኩ በእርግጥም ጠንካራ ነበርና ቻለው። ቻለ ማለት ግን አልተጎዳም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ የተሠራባቸው ሥራ ወረቀት ጠፋ፣ የተቆረጠው ሽቦ የት እንደተቀጠለ የሚያውቅ ታጣ። ያለ ቱርቦውን የገዙት ደግሞ ሌላ መንገድ ተከተሉ። «ያለ ቱርቦውን በርካሽ ገዝቼ ቱርቦ አስገጥምበታለሁ» የሚለው ስሌት ያኔ በጣም የተለመደ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ወጣት ሲያወራው እሰማለሁ። በወረቀት ላይ ያዋጣል። ሥራው ሲጀመር ግን በ10 ለ 1 የሚጨምቅ ሞተር ላይ ተጨማሪ ግፊት ሲመጣ፣ ነዳጁ ካንዴላው ሳይለኩሰው ራሱ ይፈነዳል፤ ያ ፍንዳታ ፒስተን ይሰብራል። እንዳይሆን ከተፈለገ ግፊቱ ዝቅ ይበል፣ ኮምፒውተሩ ይቀየር፣ ነዳጅ መርጫዎቹ ይተኩ። ከዚያ ፍሪሲዮኑ አልችል ይላል። ፍሪሲዮኑ ሲጠነክር ባለ አምስት ማርሹ ካምቢዮ ይከተላል። ካምቢዮው ሲቀየር ዲፈረንሻሉ። ፍሬኑ እስካሁን የ220 ፈረስ ጉልበት ፍሬን ነው። ገንዘቡን ሁሉ ሲደምሩት ብዙዎች ከፋብሪካ የወጣ ባለ ቱርቦ ሊገዙበት የሚችሉትን ከፍለዋል፤ በእጃቸው የቀረው ግን ለገዢ የሚያስፈራ መኪና ነው። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ደግሞ ያልተፈቀደ ቱርቦ የተጨመረበት መኪና የጭስ ምርመራውን በዓይን እይታ ብቻ ይወድቃል። በእውቀትና በትዕግሥት ሠርተው የተሳካላቸው አሉ፤ አላሳንሳቸውም። እነሱ ግን ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው አልጀመሩትም።

ሦስተኛ ወገንም ነበር፤ ምንም ያልነካው ነው። ሰው «ቀዝቃዛ» እያለው መኪናውን በዘይት ለውጥና በቺንጋ ቅያሬ ብቻ ያቆየ። በማርች 2019 አሚሊያ አይላንድ ላይ አር ኤም ሶዝቢስ ባካሄደው ጨረታ አንድ የ1994 ባለ ቱርቦ ሱፕራ በ173,600 ዶላር ተሸጧል። አዲስ ሳለ ከተሸጠበት ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ዋጋውን ያወጣለት ትንሽ የተነዳና እንደተሠራ የቆየ መሆኑ ነው። የጨመሩበት ሁሉ ያጡትን ያልጨመረበት ሰው አገኘ። ያለ ቱርቦውን እንዳለ ያቆዩትም አልከሰሩም፤ ሞተሩ በሌክሰስ ጂኤስ 300፣ በኤስሲ 300 እና በአይኤስ 300 ላይም ስለተገጠመ መለዋወጫው እስከ ዛሬ በየቦታው ይገኛል፤ የሚያውቀው መካኒክም ብዙ ነው።

ሱፕራ ዛሬ የብዙዎቻችን አቅም የማይደርስበት ስለሆነ፣ ያንኑ ምርጫ በሌላ መኪና ላይ ማየት ይሻላል። የኒሳን 300 ዜድኤክስ የመጨረሻው ሞዴል በ1989 ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ እስከ 1996 ተሸጧል። ያለ ቱርቦው 222፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ማንዋሉ 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1994 የዴይቶናን የ24 ሰዓትና የሴብሪንግን የ12 ሰዓት ውድድር በአጠቃላይ አንደኝነት ያሸነፈው በዚህ ስም የተሠራ የውድድር መኪና ነው። መልኩ ዛሬም አያረጅም። ችግሩ ኮፈኑ ሲከፈት ይመጣል።

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ውስጥ ይህንን መኪና ለመግዛት ከሚፈልግ ዘመድ ወጣት ጋር ሄጄ ነበር። አብሮን አንድ አንጋፋ ሐበሻ መካኒክ ነበር። ባለ ቱርቦው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጎማው አዲስ ነው። ወጣቱ ዙሪያውን ሁለቴ ዞረና «ጋሼ፣ ይሄ ምን ይወጣለታል?» አለ።

መካኒኩ መልስ ሳይሰጥ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። «ና እስቲ አንተም ንካው» አለው።

«ሞቋል።»

«ገና አሁን ተነድቶ ነው። ምናልባት ሰውየው ሱቅ ደርሶበት መጥቶ ይሆናል፤ ክፉ አናስብ። ግን የሞቀ ሞተር ሚስጥሩን አይናገርም። ነገ ጠዋት ሳያስነሳው እንመጣለን በለው።»

ከዚያ ኮፈኑን አስከፈተ። የ300 ዜድኤክስ ሞተር ስድስት ሲሊንደሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ የተቀመጡ ሰፊ ሞተር ነው። በግራና በቀኙ አንዳንድ ቱርቦ፣ ለእነሱም ቱቦና የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ሲጨመር ክፍት ቦታ አይቀርም። መካኒኩ እጁን በጎን በኩል ወደ ታች ሰደደው፤ አንጓው ላይ ደርሶ ቆመ። «አየህ ልጄ፣ እዚህ ታች ያለው ቱርቦ አንድ ቀን ዘይት ማፍሰስ ቢጀምር እኔ ከላይ አልደርስበትም። ሞተሩ መውረድ አለበት። ዕቃው የሚያስወጣህንና የእጄን ዋጋ ለየብቻ አስበው» አለ። በዚህ መኪና ላይ አብዛኛው ባለሙያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቱርቦ ለመቀየር ሞተር ማውረድ። አንዱ የሄደ ቱርቦ ደግሞ እኩያውን ብቻውን አያስቀረውም፤ ሞተር ከወረደ ሁለቱንም መቀየር፣ ያረጁትን ቱቦዎችም አብሮ መተካት ነው የሚያዋጣው።

በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ብዙ አልቆየም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ጠፋ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ እንደሆነ ይናገራል። ቱርቦው ይሁን፣ የቫልቭ ላስቲክ ይሁን፣ የፒስተን ፋሻ ይሁን ሳይፈታ አይታወቅም። ሻጩም «ሁሉም እንዲህ ነው» አለ። ሁሉም እንዲህ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ያየነው ያለ ቱርቦው ብርማ ቀለም ያለው፣ በሩ ላይ ትንሽ ጭረት ያለበት ነበር። ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የሚገባበት ቦታ አለ። ባለቤቷ አንድ የካርቶን ፎልደር አወጡ፤ ውስጡ የዓመታት ደረሰኝ። መካኒኩ መኪናውን ትቶ መጀመሪያ ደረሰኙን ማገላበጥ ያዘ። የሚፈልገው አንድ ወረቀት ነበር፤ የታይሚንግ ቺንጋው ደረሰኝ። ይህ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይላተማሉ። ስለዚህ በየ60 ሺህ ማይሉ መቀየር አለበት፤ ቱርቦ ኖረው አልኖረው ይህ አይለወጥም። ቺንጋው ተቀይሯል፤ የውሃ ፓምፑም አብሮ። ቀጥሎ የስድስቱን ሲሊንደሮች ግፊት ለካ፤ ቁጥራቸው ተቀራራቢ ነበር። ወጣቱ ያን መኪና ገዛ።

ያደረገው ልክ ነው እላለሁ። የከፈለበትን ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ይህን የሚከፍለው ሁሉ አያውቀውም። ዴንቨርና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህሉን ያጣል። በካታሎጉ 222 የሚለው የፈረስ ጉልበት ወደ 190 ይወርዳል። ባለ ቱርቦው ግን የቀጠነውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው በጣም ጥቂት ነው። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ቱርቦ የበለጠ ትርጉም አለው፤ ይህ ለቱርቦ የሚቆም ሐቀኛ ክርክር ነው። ክርክሩ ግን ሌላ ጎን አለው። ቱርቦው የጎደለውን አየር የሚሞላው ከመደበኛው በላይ እየተሽከረከረ ነው። ጤነኛ ቱርቦ ይችለዋል። ሰማያዊ ጭስ ላይ የደረሰ ቱርቦ ግን ከፍታው ይብስበታል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። የእኛ ሰው ግን ለረጅም ዘመን አምኖ የነዳው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ የተባለውን ባለ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለውን የናፍጣ ሞተር የያዘው ነው። ዳገት ላይ እንደሚዘገይ ማን ያጣዋል? ፒስታ ላይ፣ ከጋራዥ ርቆ፣ በየትኛውም ከተማ መካኒክ የሚፈታው ሞተር ስለሆነ ግን ተመረጠ። ያ ምርጫ ከአቅምና ከቦታ ጋር የተገናዘበ ምርጫ ነበር። ስፖርት መኪና ደስታ ለማግኘት የሚገዛ ነገር ቢሆንም፣ የዚያ ዓይነት ማገናዘብ የሚቀርለት አይመስለኝም። ውጭ አገር ያለው አብዛኛው ወጣታችን በዚያው መኪና ሥራም ይሄዳል፤ መኪናው ጋራዥ ሲቀመጥ የሚያጣው የሳምንት ደመወዙን ነው።

«ያለ ቱርቦ» የሚለው ስም ራሱ በየመኪናው ሌላ ነገር ስለሆነም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የቶዮታ ኤምአር2 ሁለተኛ ትውልድ አሜሪካ ሲመጣ ባለ ቱርቦው 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 2 ሊትር ሞተር ነበረው፤ ያለ ቱርቦው ግን የካምሪን ባለ 2.2 ሊትር ሞተር ይዞ 130 ነበር። የካምሪ ሞተር አይሞትም፤ የስፖርት ሞተር ግን አይደለም። በዚያ መኪና ላይ ቱርቦውን የሚፈልግ ሰው አልተሳሳተም። ጃፓን ውስጥ የተሸጠው ያለ ቱርቦ ኤምአር2 ደግሞ በከፍተኛ ዙር የሚዘምር ሌላ ሞተር ነበረው። ስለዚህ ከሱፕራ ላይ የተማርነውን ሳናጣራ ሌላው ላይ መለጠፍ አይሆንም።

ታዲያ ቱርቦውን ማን ይግዛ? እኔ ግዛ የምለው ሦስት ነገር የተሟላለትን ነው። መጀመሪያ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ወይም ለዚያ በጣም ቀርቦ የተገኘ ይሁን፤ የተለወጠ ነገር ካለም የለወጠው ሰውና ደረሰኙ ይታወቁ። ሁለተኛ፣ ከመኪናው ዋጋ ቢያንስ ሩቡን የሚያህል ገንዘብ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ተለይቶ ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ ከሌለ ዋጋው አልተሟላም፤ ያለ ቱርቦው ግን በዚያው ገንዘብ ንጹሑ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ገዢው ሌላ መኪና ያለው፣ ወይም ቢያንስ መኪናው ለሁለት ሳምንት ቢቆም ሥራውን የማያጣ ሰው ይሁን። እነዚህ ካሉ ባለ ቱርቦ ሱፕራም ሆነ 300 ዜድኤክስ የሰው እጅ ከሠራቸው ድንቅ ነገሮች አንዱ ነው፤ ቱርቦው ሲነሳ ያለው ስሜት ለብዙ ዓመት ከሰው አይወጣም።

አሁን ደግሞ አዲስ ገበያ ተከፍቷል። አሜሪካ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ከደኅንነት ደንቧ ነፃ ስለምታደርግ፣ ከ2018 ጀምሮ መሪያቸው በቀኝ የሆነ የጃፓን ሱፕራዎች በሕጋዊ መንገድ እየገቡ ነው። ጃፓን ውስጥ ኩባንያዎቹ ከ280 የፈረስ ጉልበት ላለማለፍ በመካከላቸው ተስማምተው ስለነበር፣ የዚያ አገሩ ባለ ቱርቦ በወረቀቱ 280 ይላል፤ የአሜሪካው 320። አንድ ሌላ ልዩነት አለ፤ የጃፓኑ ቱርቦ የጭስ ተሽከርካሪ ከሴራሚክ የተሠራ ነው። ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይነሳል። ግፊቱ ከፋብሪካው ልክ በላይ ሲጨመርበት ግን ይሰነጠቃል። ወደ ውጭ የተላከው የብረት ነበር። ጨረታ ላይ ያለውን ፎቶ ብቻ አይቶ ከጃፓን የሚያስመጣ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ በኋላ የተጨመረ የግፊት መለኪያ ካየ፣ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ያ መኪና እስከ ስንት ግፊት ሲነዳ እንደኖረ ይጠይቅ።